ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ስለ መሬትና ስለ ምርጫ የነበራቸው አሳብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ አንሥተው ነበር። ይኸውም «በ1997 ቅንጅት ቅንጅት ስትሉ የነበረው ምን ነበር? መሪው ኢንጂነርስ ምን ነበር የሚሉት?» የሚል ነው። መልሱን አቅርቡ ተብለን ስለታዘዝን ዛሬ ቆመናል። የእኛ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ላይ የቆመ ስለሆነ የምሁር ትንታኔ አትጠብቁብን። ማኅበራችንም የፓርቲ ማኅበር አይደለም፤ እዚህ ቤት የዚያም የዚህም ደጋፊ አለ፣ የማንም ያልሆነም አለ።

ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል በሙያቸው የሲቪል መሐንዲስ ነበሩ። በሼል ኩባንያ ሠርተዋል፣ በደርግ ጊዜም በመንግሥት እርሻ ሥራ ላይ በኃላፊነት አገልግለዋል። በኋላ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የመሠረቱት መዐሕድ መኢአድ ተብሎ ሲሰየም መሪው እሳቸው ሆኑ። አራት ፓርቲዎች ተሰባስበው ቅንጅትን ሲያቋቁሙም ሊቀ መንበር ተደረጉ። ሰውየው እንግዲህ መንግሥት ራሱ ሲያርስ ምን እንደሚመስል ከውስጥ ያዩ ናቸው።

ወደ መሬቱ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ኢንጂነሩና ቅንጅት ደግሞ መሬት የግል ንብረት መሆን አለበት የሚል አሳብ ይዘው ተነሡ። መንግሥት «ገበሬው በችግር ቀን ሸጦት ከተማ ይፈልሳል» ሲል፣ እነሱ «ገበሬው በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ» አሉ።

ይህን ክርክር አዲስ አበባ ያለ ሰው በወረቀት ነው የሚያውቀው። እኛ ግን ሁለቱንም ወገን በዓይናችን አይተናል። በ1989 በክልላችን መሬት ሲደለደል ምን ሆነ? «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ የቀረው በስብሰባ ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆኖ የሠራ ሁሉ ስሙ ያው ነበር። የሚያሳየው ካርታ የለ፣ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት የለ። ያገኘ ወጣት ደስ አለው፤ አንዋሽም፣ መሬት አልባ ነበርና። የተቀማው ግን እስከ ዛሬ ቂሙን አልረሳም። እዚህ ላይ ኢንጂነሩ ልክ ነበሩ እንላለን፤ በእጅ ብልጫ የሚሄድ መሬት የማንም አይደለም።

በሌላው በኩል ደግሞ 1977ን አስቡ። የእብናት መጠለያ ያኔ በረሃብተኛ ተሞልቶ ነበር። ከላይ ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከየቆላው ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወጣ። ያኔ መሬት የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው እርሻውን በስንት ይሸጠው ነበር? በአንድ ኩንታል እህል! ዝናቡ ሲመለስ ወዴት ይገባ ነበር? በጉና ግርጌ ድንችና ገብስ የሚያመርተው ወገናችን ዛሬም አንድ ክረምት ቢከዳው በአራጣ ይበደራል፣ መሬቱን በእኩል ይሰጣል። ግን መሬቱ አለች፣ ተመልሶ ይይዛታል። ኢንጂነሩ ይህን ነገር አቃለውታል ባይ ነን። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም ይዞ ሲመጣ ከሁለቱም ክርክር ይልቅ ጠቅሞናል፤ በተለይ ባል የሞተባቸው እናቶቻችን ይመስክሩ። የጎደለው ደብተሩ በስብሰባ እንዳይሻር የሚያደርግ ጽኑ ዋስትና ነው።

ስለ ምርጫው ደግሞ፤ ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ነው የመረጠው። ቅንጅት ከ547 የፓርላማ ወንበር 109 አገኘ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ደግሞ ከ138ቱ 137ቱን። ኢንጂነሩና ጓደኞቻቸው ቆጠራው ተጭበርብሯል አሉ። ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚለው ላይ ተከፋፈሉ፤ አመራሩ አንገባም ብሎ ጸና፣ ከተመረጡት አንዳንዶቹ ግን ገቡ። በሰኔና በጥቅምቱ ግርግር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ገልጿል። መሪዎቹ ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በዚያው ወር በይቅርታ ወጡ። ከወጡም በኋላ እርስ በርሳቸው ተጣሉ፤ ኢንጂነሩ በአንድ ወገን፣ ምክትላቸው የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በሌላ ወገን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። እኛ አገር «ኢንጂነር» ወይም «ዶክተር» ከተባለ ሁሉን ይችላል ብለን እናምናለን። በዚችው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠሩ። ብረቱ ታዘዘላቸው፤ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል የተፈጠረው ቅያሜ ግን የሙያቸው አልነበረም። ቅንጅትንም ከውጭ የመጣው ኃይል ብቻ አልበተነውም፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት መሸናነፍ ስላቃታቸውም ጭምር ነው።

ጥቅምት 20 ቀን 2002 ኢንጂነሩ ከአቶ መለስ ዜናዊ ጋር የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ። መድረክ አልፈርም አለ። ብዙ ሰው «ሽማግሌው ተሸነፉ» ብሎ ተቆጣ። እኛ ግን መፈረማቸውን አንነቅፍም፤ ያሰሯቸውን ሰዎች ቀርቦ መጨበጥ ቀላል አይደለም። የሚያሳዝነው ከፊርማው በኋላ የሆነው ነው፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ። ኢንጂነሩ በ2009 አረፉ። ወይዘሪት ብርቱካን ደግሞ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ይህን በ1998 ማን ይገምት ነበር?

በመጨረሻ የራሳችን ጉዳይ አለ። የኮሚቴ ምርጫ ደርሷል። «ዲግሪ ያለው ልጅ አለና ያለ ምርጫ እናስቀምጠው» የምትሉ ሰምተናል። ልጁ ይወዳደር፣ ደስ ይለናል፤ ግን እንደሌላው እጅ ወጥቶለት ይሁን። ቆጠራው እዚሁ በሁላችሁ ፊት ይካሄዳል፤ ቆጣሪዎቹም ከዕጩዎች ወገን ያልሆኑ ሦስት ሰዎች ይሆናሉ። የወረደው ኮሚቴ መዝገቡን፣ ማኅተሙንና የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ በሳምንት ውስጥ ያስረክባል። ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ለሽማግሌዎች ያቅርብ፤ ወርኃዊ መዋጮውን ግን አያቋርጥ።