መጽሐፉ ይነበብ፣ ችግኙ ይቆጠር፦ የአንድ ቤተሰብ ቅርስ ለሕብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የምሥረታ በዓል ሲከበር ሁለት ነገሮች መደረጋቸው የተለመደ ነው። አንደኛው የተሠራውን ሥራ መዘርዘር ሲሆን ሁለተኛው መሥራቾችን ማመስገን ነው። ካባ ይደረባል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ካባው ሣጥን ከገባ በኋላ መሥራቾቹ ያወቁትና የሠሩት ነገር በማን እጅ ይቀራል? ይህ ንግግር ለጥያቄው መልስ የሚፈልገው ከሩቅ አገር፣ ከአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ቤተሰቡ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የኖረው የሊዮፖልድ ቤተሰብ ነው። ትልቁ መታሰቢያቸው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያነበው መጽሐፍና በእጃቸው የተከሉት ደን ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተራቆተው እርሻ

አልዶ ሊዮፖልድ የተወለዱት በ1887 ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ በ1909 በአገሪቱ የደን አገልግሎት ሥራ ጀመሩ። በ1912 ኤስቴላ ቤርጌሬን አግብተው አምስት ልጆች አፈሩ። በ1933 ደግሞ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት አያያዝ መምህር ሆኑ።

በ1935 በዊስኮንሲን ወንዝ አጠገብ 80 ኤከር፣ ማለትም 32 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ገዙ። መሬቱ አሸዋማ፣ በእርሻ ብዛት ለምነቱን ያጣና ተጥሎ የቀረ ነበር። በላዩ ቆሞ የተገኘው ቤትም አንድ የዶሮ ቤት ብቻ ነበር። ቤተሰቡ የተከመረውን ፍግ ጠርጎ፣ የዶሮ ቤቱን ጠግኖ የቅዳሜና እሑድ ማረፊያ አደረገው። ባልና ሚስት ከአምስት ልጆቻቸው ጋር በየሳምንቱ መጨረሻ ከሚኖሩበት ከማዲሰን ከተማ እየመጡ ጥድና ሌሎች ዛፎችን መትከል ጀመሩ።

እዚህ ላይ ችግኝ ተክሎ የሚያውቅ አርሶ አደር ሁሉ የሚረዳው ነገር ደረሰ። በ1936 የተተከለውን ችግኝ አብዛኛውን ድርቅ ፈጀው። ቤተሰቡ ግን በተከታዩ ዓመት ተመልሶ ተከለ፤ በሚቀጥለውም ደገመ። እስከ 1948 ድረስ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን ተከሉ። ከመትከሉ ጎን ለጎን የትኛው ችግኝ እንደጸደቀና እንደሞተ፣ የትኛው አበባ በስንተኛው ቀን እንደፈነዳ፣ የትኛው ወፍ መቼ እንደተመለሰ ቀን እየጠቀሱ ይመዘግቡ ነበር።

ኩን ቫሊና 418ቱ ገበሬዎች

ሊዮፖልድ ለራሳቸው መሬት ብቻ የሚያስቡ ሰው አልነበሩም። በ1933 በዚያው ክፍለ ግዛት በኩን ቫሊ በአሜሪካ የመጀመሪያው የተፋሰስ ጥበቃ ሥራ ሲጀመር በአማካሪነት ተሳትፈዋል። ተዳፋቱ በግጦሽና በቁልቁል እርሻ ተጎድቶ ጎርፍ አፈሩን ወደ ሸለቆው ያወርደው፣ ቦረቦሩም የእርሻ ማሳ ይበላ ነበር።

የሥራው አካሄድ ለሕብረት ሥራ ማኅበራት አዲስ አይደለም። በአካባቢው ከነበሩት 800 ያህል ገበሬዎች መካከል 418ቱ በፈቃዳቸው የአምስት ዓመት ውል ፈረሙ። መንግሥት የቀን ሠራተኛ፣ ዘር፣ ኖራና የአጥር ሽቦ ሲያቀርብ፣ ገበሬው በበኩሉ በጋራ የወጣውን ዕቅድ ለመከተልና ጉልበቱን ለማዋጣት ግዴታ ገባ። ማሳዎች የተዳፋቱን መስመር ተከትለው አግድም ታረሱ፤ ሰብልና ሣር በመደዳ እያፈራረቁ ተዘሩ፤ ቀጥ ያሉት ገመገሞች ከከብት ንክኪ ነፃ ሆኑ። ሊዮፖልድ ስለዚህ ሥራ በ1935 ባሳተሙት ጽሑፍ ጉዳዩን የገለጹት በትብብር የሚሠራ ጥበቃ አድርገው ነበር። አንድ ገበሬ እርከኑን ቢሠራና ከበላዩ ያለው ጎረቤቱ ባይሠራ ጎርፉ የሁለቱንም ማሳ ይዞ እንደሚሄድ እያንዳንዱ የተፋሰስ ኮሚቴ አባል ያውቀዋል።

መጽሐፉ

ሊዮፖልድ በእርሻው ያዩትንና በሥራ ዘመናቸው የተማሩትን በመጽሐፍ አዘጋጁ። በሚያዝያ 1948 አንድ ታዋቂ አሳታሚ መጽሐፉን እንደተቀበለ አስታወቃቸው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን በጎረቤት እርሻ ላይ እሳት ተነሳ። ሊዮፖልድ ቃጠሎውን ለማጥፋት ሲረዱ ልባቸው ቆመና በ61 ዓመታቸው አረፉ። ሥራው በልጃቸው በሉና እጅ ተጠናቅቆ በ1949 «ኤ ሳንድ ካውንቲ አልማናክ» በሚል ርእስ ታተመ። ርእሱ የአሸዋማው ወረዳ የወራት መዝገብ እንደማለት ነው። መጽሐፉ ከጊዜ በኋላ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል፤ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል።

የመጀመሪያው ክፍል ከጥር እስከ ታኅሣሥ በእርሻው ላይ የታየውን ወር በወር ይተርካል። መጨረሻው ላይ ያለው ሐሳብ ደግሞ ለማኅበር አባል ቅርብ ነው። አፈሩ፣ ውሃው፣ ዕፀዋቱና እንስሳቱ ከሰው ጋር የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው ይላል። ስለዚህም ሰው ለሌላ ሰው ግዴታ እንዳለበት ሁሉ ለመሬቱም ግዴታ አለበት። ዕጣ ገዝቶ ግዴታውን የማይወጣ አባል ማኅበሩን እንደሚጎዳ ለዚህ ጉባዔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ልጆቹ የወረሱት

አምስቱም ልጆች በሳይንስና በጥበቃ ሥራ ተሰማሩ። ስታርከር በዱር እንስሳት፣ ሉና በወንዞች ጥናት፣ ካርል በዕፀዋት ሳይንስ፣ ትንሿ ኤስቴላ ደግሞ በጥንታዊ ዕፀዋት ጥናት ስማቸው ተጠራ። ኒና ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመልሰው በአባታቸው የተጀመረውን መዝገብ ቀጠሉ። በ1999 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ያወጡት ጥናት የአባትን መዝገብ ከልጅ መዝገብ ጋር አነጻጽሮ፣ በዚያ አካባቢ የብርዱ ወራት አልፎ ሙቀት መግባቱን ከሚያበስሩት ምልክቶች የተወሰኑት ቀደም ማለታቸውን አሳየ። በ1930ዎቹ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ከስድሳ ዓመት በኋላ የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ ሆነ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በ1982 ልጆቹ በአባታቸው ስም ፋውንዴሽን አቋቋሙ። በ2007 የተመረቀው የፋውንዴሽኑ ማዕከል ሲገነባ፣ ቤተሰቡ የተከለው ደን ሲሳሳ የተቆረጡት ጥዶች ለሥራው ዋሉ። በልጅነት የተተከለ ችግኝ በሽምግልና ምሰሶ ሆነ ማለት ነው። ከአምስቱ ልጆች የመጨረሻዋ ኤስቴላ በ2024 አርፈዋል። ቤተሰቡ ቢያልፍም ሥራው አልተቋረጠም። ለምን ቢባል ሕዝቡ ተረክቦታል።

ሕዝቡ እንዴት ተረከበው?

በ2000 ሎዳይ በምትባል አነስተኛ የዊስኮንሲን ከተማ ነዋሪዎች ተሰብስበው መጽሐፉን በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በ2004 ክፍለ ግዛቱ በሕግ የማርች ወር የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሑድ የአልዶ ሊዮፖልድ መታሰቢያ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በቤተ መጻሕፍት፣ በትምህርት ቤቶችና በተፈጥሮ ማዕከላት ንባብና የእግር ጉዞ ይካሄዳል። ለዝግጅቱ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ክፍልና ተራ የሚጠብቁ አንባቢዎች ይበቁታል።

ለዩኒየኑና ለአባላቱ

ይህ ወቅት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት ማብቂያ ላይ ይውላል። በየቀበሌው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ተካሂዶ እርከኑ የሚጠናቀቅበትም ጊዜ ነው። በመሆኑም ለአባላትና ለኃላፊዎች ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር መሥራቾች በሕይወት ሳሉ ታሪካቸው ይጻፍ። የትኛው ምንጭ መቼ ደረቀ፣ መቼ ተመለሰ? የትኛው ገመገም በማን ሐሳብ ተከለለ? ማኅበሩን ለመመሥረት የመጀመሪያውን ዕጣ እነማን ከፈሉ? መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ይናገሩ፤ የአባላት ልጆች የሆኑ ተማሪዎች ይጻፉላቸው።

ሁለተኛ፣ የዘመቻው የመጨረሻ ቀን የንባብ ቀን ይሁን። የተጻፈው ታሪክ እርከኑ በተሠራበት ቦታ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በባለታሪኮቹ ፊት ይነበብ። ሽማግሌው የሚሰሙት ንባብ ከሚለብሱት ካባ ይልቅ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ ችግኝ ይቆጠር። በክረምት የተተከለው ስንት እንደሆነ ሪፖርት መደረጉ የተለመደ ነው። በዚያው የንባብ ቀን የጸደቀውም ተቆጥሮ፣ የሞተውም ሳይደበቅ በመዝገብ ይግባ። የሊዮፖልድ ቤተሰብ የ1936ቱን ኪሳራ መዝግቦ ባይይዝና በሚቀጥለው ዓመት ባይመለስ ኖሮ ዛሬ የሚጎበኝ ደን ባልኖረ ነበር። የወረዳ ባለሙያዎችና ኃላፊዎችም የሞተ ችግኝ የመዘገበን ማኅበር ከመውቀስ ይልቅ ለምን እንደሞተ አብረው ቢመረምሩ፣ እውነተኛ ቁጥር ለማግኘት ይችላሉ።

ዓለም አቀፉ የሕብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለማኅበረሰብ ማሰብ ነው። ማኅበረሰብ ሲባል የሚመጣውንም ትውልድ ይጨምራል። ለእርሱ የሚተላለፈው የጸደቀ ዛፍና የተጻፈ ታሪክ ከሆነ፣ መሥራቾቹ በእርግጥ ተከብረዋል።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን!