የሰኞ ሕመም፦ የጥጥ ብናኝና የሠራተኛው ሳንባ
(በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር)



በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሐኪም ሕመምተኛውን ሲመረምር ስለ ሥራው ጭምር እንዲጠይቀው መክሮ ነበር። የዚህ ጥያቄ መልስ ዛሬ በስንቱ ሕመምተኛ ካርድ ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ እዚህ የተቀመጣችሁ ሐኪሞች ታውቃላችሁ።

በጥጥ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ከዕረፍት ተመልሶ ሥራ በጀመረበት ዕለት፣ ጥቂት ሰዓት እንደ ቆየ ደረቱ ይጠብበዋል፤ ያስለዋል፤ ትንፋሽም ያጥረዋል። በማግሥቱ ቀለል ይለዋል። ዓመታት ሲደራረቡ ግን ጥበቱ ወደ ማክሰኞና ወደ ረቡዕ ይሻገራል፤ በመጨረሻም ሳንባው ወደ ቀድሞ ኃይሉ የማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል። በሽታው ቢሲኖሲስ ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሺሊንግ በላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች ባደረገው ጥናት በደረጃ የመደበው በዚሁ የቀን አቆጣጠር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በሦስት ፈረቃ በሚሠራና የዕረፍት ቀን በየተራ በሚሰጥ ፋብሪካ ውስጥ፣ የአንዱ «ሰኞ» ሐሙስ፣ የሌላው ቅዳሜ ነው። ሐኪሙ ስለ ሰኞ ቢጠይቅ ቀጥተኛ መልስ አያገኝም፤ መጠየቅ ያለበት ከዕረፍት ስለተመለሰበት ዕለት ነው። ሠራተኛውም በበኩሉ «ብርድ መታኝ» ይላል። ከሞቃትና ከርጥብ አዳራሽ ወደ ሌሊት አየር ይወጣልና ለአባባሉ ምክንያት አያጣም። ስለዚህ ለሳል የሚሰጠው መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ሳሉ ሲበረታም የሳንባ ነቀርሳ ወይም አስም ይጠረጠራል።

በቤቷ ጥጥ በደጋን የነደፈች እናት ሁሉ ብናኝን ታውቀዋለች። በፋብሪካ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ዓይን የማያየው ደቃቅ ብናኝና ከጥጡ ጋር የሚመጣው የባክቴሪያ መርዝ ነው። እስሩ በሚፈታበትና ጥጡ በሚነደፍበት ክፍል ይበዛል። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ይህን አያግድም፤ ብናኙ ከመኪናው ሳይወጣ ተስቦ መወሰድ አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ደንብ ለፈትል ክፍል በአንድ ሜትር ኩብ አየር 200 ማይክሮግራም ወሰን አደረገ። ባለ ፋብሪካዎቹ ወጪውና ጥቅሙ ይመዛዘንልን ብለው ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1981 ሕጉ እንዲህ ያለ ሚዛን አይጠይቅም ሲል ፈረደ።

በእኛም አገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት የተደነገገውን 155ኛውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ አደጋ ጋር በአንድነት የሥራ ላይ ጉዳት አድርጎ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ እጅ በመኪና ሲቆረጥ ምስክር አለው፤ በሃያ ዓመት የደከመ ሳንባ ግን ምስክሩ የሐኪም ጽሑፍ ብቻ ነው። ካርዱ «ብሮንካይትስ» ካለ፣ ሠራተኛው ካሣ የሚጠይቅበት መሠረት አይኖረውም። ይህን ስለሚያውቅም፣ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ስለሚሠጋም፣ ዝም ይላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስፓይሮሜትር አነስተኛ መሣሪያ ነው፤ የሠለጠነ የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ሊሠራበት ይችላል። በጥጥ ክፍል የሚቀጠር ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹ ይለካ፤ ከዚያም በየዓመቱ፣ ከዕረፍት በተመለሰበት ዕለት በፈረቃው መግቢያና መውጫ ይደገም። ልኬቱ ከተቀነሰ ደመወዙ ሳይነካ ብናኝ ወደሌለበት ክፍል ይዛወር። የውጤቱም አንድ ቅጂ በራሱ በሠራተኛው እጅ ይቀመጥ።