ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግርጌ እስከ ደብራችን ደጃፍ
(በደብራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቼ ካህናት፣ የተወደዳችሁ ምእመናን፦

የደብሩን ታሪክ መሥራቾቹ አባቶች ቢናገሩት ይበልጥ ይገባል። እኔ ግን ብዙዎቻችን ወደዚህ ወደ ሜሪላንድ ከመምጣታችን በፊት ስለምናውቀው ሰፈር፣ በዋሽንግተን ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግርጌ ስላለው ስለ ሾው እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1867 የተመሠረተው ሀዋርድ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቁት ከዚያ ነው። ሾውና የዩ ጎዳናም፣ ዘር ከዘር ይለይ በነበረበት ዘመን፣ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ሱቅ፣ ቲያትርና ባንክ ያቆሙበት ሰፈር ነበር።

በኤፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ሰፈሩ በእሳት ተያያዘ። አቅም ያለው ሄደ፤ የቀረው በተዘጉ ሱቆች መካከል፣ ኋላም በምድር ባቡሩ ቁፋሮ አቧራ ውስጥ ኖረ። የዩ ጎዳና ጣቢያ የተከፈተው በ1991 ነው። መሐንዲስ ነኝና ልንገራችሁ፦ ጣቢያ ሲከፈት መንገደኛ ብቻ ሳይሆን የመሬት ዋጋም አብሮ ይመጣል። በ1970 ከመቶ የከተማው ነዋሪ 71ዱ ጥቁር ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 41 ያህል ሆነ።

እኛስ? ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱት ወገኖቻችን በአዳምስ ሞርጋን ተሰባሰቡ፤ ኪራዩ ሲወደድ ብዙ ምግብ ቤቶች በሾው ወዳለው 9ኛው ጎዳና ተሻገሩ። በ2005 ገደማ ጎዳናው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሣ ከነባሮቹ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። በእኛ ዘንድ ይህ እንደ ምቀኝነት ሲተረክ አድጌአለሁ፤ እኔም እንዲሁ ብያለሁ። ዛሬ ግን አይመስለኝም። የተዘጋ ቤት ከፍተን መብራት ማብራታችን እውነት ነው፤ ቤቱ በአቅማችን የተገኘው ግን ሌላው በተጎዳበት ሰፈር ስለሆነ ነው። ኋላም ያው ኪራይ እኛን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ገፋን።

የሾው አብያተ ክርስቲያናት ነገር ደግሞ ይበልጥ ይነካናል። ምእመናኑ ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተዛውረው እሑድ በመኪና ይመለሱ ነበር። መኪና በመኪና ላይ ደርበው ሲያቆሙ አዲሶቹ ነዋሪዎች አቤት አሉ። አንዳንዱ ሕንፃውን ሸጦ ምእመኑን ተከተለ፤ ሊንከን ቴምፕል የተባለው በ2018 ተዘጋ።

አጥቢያ ማለት በአገራችን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ነው። የእኛ አጥቢያ ግን በመኪና ይመጣል፣ በመኪና ይሄዳል። በዙሪያችን የሚኖሩት ከእኛ የሚያውቁት የከበሮውን ድምፅና በራፋቸው ላይ የቆመውን መኪና ነው። ባለፈው የልደት በዓል የአንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን መኪና መውጫ አጥቶ የሐኪም ቀጠሮ አመለጣቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ በዚያ ቤት 40 ዓመት እንደኖሩ ነገሩኝ። ልጅነታቸው በሾው ነበር። በ25 ዓመት ውስጥ ከእኛ ወገን በራቸውን ያንኳኳ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርሁ፤ ያውም ለይቅርታ።

ሰበካ ጉባኤው አጠገባችን ያሉትን ሁለት ቤቶች ገዝቶ ለመኪና ማቆሚያ ሊያፈርስ ማሰቡን ታውቃላችሁ። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ 38 መኪና ይይዛል። ቁጥር 14 እስከ 22 ያለው የእኚያ እናት ቤት ነው። ለባለቤቱ ጥሩ ዋጋ እንሰጣለን፤ እርሳቸው ግን ተከራይ ናቸው።

ስለዚህ አባቶቼን የምለምነው፣ ንድፉ ለምእመናን ድምፅ ከመቅረቡ በፊት ከእኔ ጋር ሄዳችሁ በቤታቸው ቡና እንድትጠጡ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመቸናል ብለዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።