ሰሚ ያለው አደባባይ፤ ከጉራጌ ሸንጎዎችና ከወልቂጤ ጎዳና የምንማረው

(ለሕግ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




«ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በተገኘው አጋጣሚ መጠቀም ተገቢ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ነገር ግን ሌላም ቁም ነገር ይዟል፤ ይኸውም ዳኛ የማይገኝበት ጊዜ መኖሩንና በደል የደረሰበት ሰው ቃሉን በሆዱ ይዞ የሚቀመጥበት ዘመን መኖሩን ነው። ዛሬ በፊታችሁ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰላም የሚጸናው የተበደለ ሰው ተናግሮ የሚሰማበት አደባባይ ሲኖር ነው፤ የአደባባዩም ፍትሐዊነት የሚመዘነው ከደጅ ባስቀራቸው ሰዎች ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወልቂጤ፣ በአለም ገና በኩል ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ቡታጅራ ይገኛሉ። በእነዚህ ሁለት ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው አገር የተደረገው ነገር፣ በበጎውም በክፉውም፣ ለሙያችን ብዙ ትምህርት ይሰጣል። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የጆካና ጎርደና

ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ የተባለ የጋራ ሸንጎ አለው፤ የሚዳኝበትም ደንብ ቅጫ ይባላል። በሰሜን በኩል ያሉት ክስታኔዎች ደግሞ ጉባኤያቸውን ጎርደና፣ ደንባቸውን ሴራ ብለው ይጠሩታል። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ሁለቱን ሥርዓቶች አጥንተው የአካባቢ አስተዳደር ምሳሌዎች አድርገው ጽፈውባቸዋል።

ሥርዓቱ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ይመስላል፤ ጥበቡ ግን ጥልቅ ነው። ጠብ መጀመሪያ የሚታየው በመንደር ሽማግሌዎች ዘንድ ነው። በዚያ ያልረካ ሰው ነገሩን ወደ ጎሣው፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ሸንጎ ይወስደዋል፤ የመጨረሻው ይግባኝ የጆካ ይደርሳል። ነፍስ የጠፋ እንደ ሆነ ገዳዩና የሟች ወገን እንዳይገናኙ ተለያይተው ይቆያሉ፤ ሽማግሌዎችም በመካከል ገብተው የደም ካሣ ተከፍሎ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ይመላለሳሉ። ሸንጎው ፖሊስ አልነበረውም፤ ወህኒ ቤትም አልነበረውም። ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ማኅበራዊ ኑሮን በመንፈግ ነው። አልታዘዝም ያለ ሰው ጎረቤት እሳት አያጭርለትም፣ ለቅሶም አይደርሰውም። እንሰት ለመትከልም ሆነ ቤት ለመሥራት የጎረቤት እጅ በግድ በሚያስፈልግበት አገር ይህ ከእስራት የሚያንስ ቅጣት አይደለም።

በበዓላትም ይኸው መንፈስ ይታያል። በመስከረም ወር የመስቀል በዓል ሲቃረብ፣ በእስልምና እምነት ተከታዮችም ዘንድ አረፋ ሲደርስ፣ በየከተማው የሚነግደውና የሚሠራው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ተቀያይመው የከረሙ ሰዎችም ከበዓሉ ማዕድ አስቀድመው እንዲታረቁ ሽማግሌዎች ይጥራሉ። በዓሉ ከደስታነቱ በተጨማሪ የዓመቱ ነገር የሚዘጋበት ቀጠሮ ነው ለማለት ይቻላል።

የሕግ ሰዎች የሆንን ሁላችን እንደምናውቀው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሽሮታል። ሆኖም ሸንጎው በወረቀት ተሻረ እንጂ በኑሮ አልተሻረም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፈተ።

ከደጅ የቀረችው

ይህን ሁሉ ካመሰገንን ዘንድ ጉድለቱንም መናገር ይገባናል። የጆካ የወንዶች ሸንጎ ነበር። አንቂት የተባለው ልማድ ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ጋብቻዋን አፍርሳ ሌላ እንዳታገባ ያግዳት ነበር፤ የምታመለክትበት ሸንጎ ደግሞ እርሷን አያስቀምጣትም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ኖረች የሚነገርላት የቃቄ ወርድወት የተነሣችው በዚህ ላይ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ሴቶችን አስተባብራ ወንዶች በተቀመጡበት ሸንጎ ፊት ቆመች፤ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ ስለ ራሷና ስለ እኅቶቿ በአንደበቷ ተሟገተች። ታሪኳ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ በዘመናችን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ታይቷል። የሙግቷ ፍጻሜ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ በሁሉም ዘንድ ጸንቶ የሚገኘው ግን የሄደችበት መንገድ ነው። ሸንጎውን ለማፍረስ አልተነሣችም። እንዲሰማት ጠየቀች። አባቶች ራሳቸው ባቆሙት ሥርዓት ፊት፣ በዚያው ሥርዓት የሙግት ቋንቋ፣ ሥርዓቱ የዘነጋውን ሰው አቀረበች።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 1 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ ወርድወት ለጠየቀችው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የዘገየ መልስ ደግሞ በመዘግየቱ ያለፉትን ሰዎች አይክስም።

መንገድ የጠየቀ ሕዝብ

የማኅበራዊ ፍትሕ ጥያቄ ሁልጊዜ በክርክር ብቻ አይቀርብም። በ1950ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ገብተው በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተሰማሩ የአካባቢው ተወላጆች አገራቸውን ከከተማ የሚያገናኝ መንገድ አለመኖሩን እንደ በደል ቆጠሩት። ታማሚ በቃሬዛ ይጓዛል፤ የገበሬው ምርት ገበያ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ አቤቱታ ከማቅረብ ጋር ገንዘብም ማዋጣት ጀመሩ። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትና የአለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር የተቋቋሙት በዚያ ዘመን ነው። ዕቁብና ዕድር ያስተማሩት የመተማመን ልማድ ወደ አውራ ጎዳና ሥራ ተሻገረ፤ መንግሥትም ድርሻውን ጨመረበት። ዛሬ ቡታጅራን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ የሚሄድ መንገደኛ የእነዚያን ሰዎች መዋጮ ይረግጣል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ሕዝቡ ገንዘቡን ያወጣው ጥያቄው ሰሚ እንደሚያገኝ ስላመነ ነው። አዋጪው መዋጮው የት እንደ ዋለ የሚጠይቅበት ስብሰባ ነበረው፤ ማኅበሩም ከባለሥልጣን ጋር የሚነጋገርበት ጠረጴዛ ነበረው። የሚሰማ ሲኖር ቅሬታ ወደ ሥራ ይለወጣል።

እርቅ ያለ ፍርድ፣ ጥያቄ ያለ መልስ

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ወገኖች መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከቡታጅራ ብዙ በማይርቀው አገር በመስቃንና በማረቆ ማኅበረሰቦች መካከል ደም ፈሰሰ። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በመካከል ገቡ፤ የእርቅ ጉባኤዎች ተጠሩ። ግጭቱ ግን ከዚያ በኋላም አገረሸ።

ሽማግሌዎቹ ሰነፉ ማለት አይደለም። የጠቡ አንዱ ሥር የቀበሌዎች የይገባኛል ጥያቄ ነበር። ይህ ደግሞ በእርቅ ማዕድ የሚወሰን ሳይሆን በሕግ ሥልጣን የተሰጠው አካል መርምሮ ብይን ሊሰጥበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ሽማግሌ ልብን ያለሰልሳል፤ ወሰን ማካለል ግን ሥልጣኑ አይደለም። ፍርድ ሳይሰጥ እርቅ ብቻ ሲደጋገም የተበደለው ወገን እርቁን ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። በተቃራኒውም ብይን ብቻ ተሰጥቶ ሽማግሌ ካልገባበት፣ ጎረቤቶቹ በብይኑ ማግሥት በአንድ ገበያ ላይ እንዴት ይገናኛሉ? ሁለቱ አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆኑ አይችሉም።

ሁለተኛው ምሳሌ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ክልል የመሆን ጥያቄን አጸደቀ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደራጅ ያዛል። ጊዜው አለፈ፤ ሕዝበ ውሳኔ ግን አልተደራጀም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በወልቂጤና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ ሕዝቡም በየቤቱ ዋለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዞኑ በዚያ ተጠቃለለ። ጥያቄውን መደገፍ ወይም መቃወም የእያንዳንዱ ዜጋ ፈንታ ነው፤ ከእናንተም መካከል ሁለቱም ወገኖች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ለሙያችን ግን ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ሕግ ቀን ቈርጦ የሰጠው መልስ በቀኑ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ዜጋው ከሕግ የሚጠብቀው ነገር ይቀንሳል። «አይሆንም» የሚል መልስ ይግባኝ አለው፤ ዝምታ ግን ይግባኝ የለውም።

ሦስተኛው እጅግ የሚያሳዝነው ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ አጣን ብለው ባዶ ጄሪካን ይዘው አደባባይ ወጡ። ከመካከላቸው ሴቶች ነበሩ፤ ምክንያቱም ውኃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደክመው የእናት ትከሻ ነው። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 3 ሰዎች መገደላቸውንና ሌሎችም መቁሰላቸውን አስታወቀ። የባዶ ጄሪካን ትርጉም አስተርጓሚ አይፈልግም። ከወርድወት ዘመን ብዙ ርቀናል ብለን ስናስብ፣ እነሆ ጉዳያቸውን በራሳቸው አንደበት ይዘው የመጡ ሴቶች ሰሚ ከማግኘታቸው በፊት ጥይት አገኛቸው።

ከሙያችን የሚጠበቀው

ክቡራትና ክቡራን፣

ሐዘን ብቻውን የሙያ ግዴታ አያሟላም። ስለዚህ ከእኛ ይጠበቃሉ የምላቸውን ሦስት ሥራዎች ላቅርብ።

የመጀመሪያው ሕዝቡ የመሰብሰብ መብቱን በሕጉ መንገድ እንዲጠቀምበት መርዳት ነው። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ተረጋግጧል። የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ማሳወቅ ፈቃድ መለመን አይደለም። አስተዳደሩ በቂ ምክንያት ካለው ቦታው ወይም ጊዜው እንዲለወጥ በጽሑፍ ሊያሳስብ ይችላል፤ ሰልፉ በማናቸውም ጊዜና ቦታ አይደረግም ለማለት ግን አይችልም። ይህን የሚያውቅ የመንደር ነዋሪ፣ ይህንም የሚያውቅ የከተማ ሹም ስንት ነው? በእያንዳንዱ ከተማ አንድ የሕግ ባለሙያ በወር ግማሽ ቀን ሰጥቶ የማሳወቂያ ደብዳቤና የአቤቱታ አጻጻፍ ቢያስተምር የብዙ ሰው ደም ሊተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው ከሽማግሌዎች አጠገብ መቀመጥ ነው። እንድንተካቸው አይደለም፤ ለመተካትም አንችልም። ሥራችን የእርቁን ቃል በጽሑፍ ማኖር፣ የተከራካሪዎች ፈቃድ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ለፍርድ ቤት ወይም ለሌላ ሥልጣን ላለው አካል የሚገባውን ለይቶ ማስተላለፍ ነው። ከሁሉም በላይ ሴቶች በምስክርነት ብቻ ሳይሆን በሽማግሌነትም እንዲቀመጡ መጠየቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከሚጎዱ ልማዶች ተጽዕኖ የማላቀቅ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። በጉራጌ ሴቶች ዘንድ ቅቤ በተራ የሚያሰባስቡበት ውሳቻ የተባለ ማኅበር እንዳለ ታውቃላችሁ። ቅቤውን በትክክል አካፍለው ሳይጣሉ የሚኖሩ እናቶች፣ የመንደርን ነገር ሚዛኑን ጠብቀው ለመፍረድ አይችሉም የሚል ካለ ማስረጃውን ያቅርብ።

ሦስተኛው መልስን ማስለመድ ነው። በሕዝብ ስብሰባ ላይ የተነሣ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ከጎኑም መልስ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና ቀኑ ይጻፍ። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ የሚነበበው ይኸው ይሁን። «ጥያቄያችሁን ተቀብለናል» ተብሎ የሚበተን ስብሰባ፣ ሰሚ የሌለው አደባባይ ሌላ ስሙ ነው።

በቀድሞ ዘመን በመንገድ የሚያልፍ ማንም ሰው «በሕግ አምላክ» ሲል የሚጣሉ ሰዎች እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ያ ቃል ጉልበት ያገኘው ከቃሉ በስተ ኋላ የሚሰማ ዳኛ አለ ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው። እምነቱ ሲላላ ቃሉም ባዶ ድምፅ ይሆናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ ጎዳና የወደቁት ሰዎች የጠየቁት ውኃ ነበር፤ የእኛ ዕዳ ደግሞ ቀጥሎ ጄሪካን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳይፈራ ተናግሮ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ሥርዓት ማቆም ነው። ይህ ዕዳ የዚህ ጉባኤ የሥራ መርሐ ግብር ውስጥ እንዲገባና በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደ ተሠራ እንድንጠየቅበት በትሕትና አሳስባለሁ።