አገር ቤት ቤት ለመግዛት ለምታስቡ

ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ቤት ስለመግዛት ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። በናፍቆቱ አልገባም፤ የማወራው ስለ ገንዘቡ ነው።

መጀመሪያ ቢቱዋህ ሌኡሚ። ከጡረታው ጋር ሃሽላማት ሃክናሳ የምትቀበሉ ከሆነ፣ እዚያ ያለ ቤትም ንብረት ነውና ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሟያው ሊቀንስ፣ ሊቆምም ይችላል። «ማን ያየናል?» ትሉኝ ይሆናል። ከታወቀ ግን የተቀበላችሁት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ዕዳ ይሆንባችኋል። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ኑና አብረን እንጠይቅ።

ብታከራዩት ደግሞ ኪራዩ ለማስ ሃክናሳ ይነገራል፤ 15 በመቶ የሚከፈልበት መንገድ አለ። እዚያም የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ክፍያ አለ።

ገንዘቡ በሰው እጅ ሳይሆን በባንክ ይሂድ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። ባንኩ «ከየት አመጣችሁት?» ቢል አትቀየሙ፣ ሁሉንም ይጠይቃል።

በወንድም ስም መግዛትስ? ወንድምየው ደግ ሰው ይሆናል፤ ካርታው ላይ ያለው ግን የእሱ ስም ነው፤ ሲሞት የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው በራሱ ስም መግዛት ይችላልና መጀመሪያ እሱን አውጡ።