ክረምቱ ቢራራም ሌሊቱ ይበርዳል

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

 

ቅድም ወደ አዳራሹ ስገባ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አባቶች አገኘሁ። አንደኛው ካፖርታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ይዘዋል። «ልጄ፣ በዚህ አገር ክረምት ስታስፈራሩን ከርማችሁ ነበር፤ ክረምት የምትሉት ይኸንን ነው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው፤ ዘንድሮ ክረምቱ ራርቶልናል። ለገበሬውና ለኪኔሬት ሐይቅ ጥሩ ወሬ አይደለም፤ የዚህ አገር ዝናብ በክረምት ካልጣለ በበጋ ጠብ አይልምና። አገር በመልመድ ላይ ላለ ቤተሰብ ግን ትንፋሽ መውሰጃ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። እኔን ያሳሰበኝ ቀኑ ሳይሆን ሌሊቱ ነው፤ ዛሬ የምናገረውም ስለ እሱ ነው።

በአገራችን ክረምት ስንል ከሰኔ ጀምሮ የሚጥለው ዝናብ ነው። ብርዱ የሚጠናው ግን መቼ ነበር? የወገራና የስሜን ሰው ይመስክር። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ደመና ካለ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ተሸፍኖ ይቆያል፤ ከሌለ ወደ ሰማይ ያመልጣል። የዘንድሮው ክረምት እንግዲህ የዚያ የታኅሣሥ ወንድም ነው። በቤር ሼቫ በጥር ወር ቀን 17 ወይም 18 ዲግሪ ሆኖ ሲውል፣ ሌሊት ወደ 7 ዲግሪ ይወርዳል። ኢየሩሳሌምና ጽፋት ተራራ ላይ ስለሆኑ ከዚያም ይበርዳሉ። ቤቱም ቢሆን የተሠራው ለበጋው ሙቀት ታስቦ ነው፤ ግድግዳው ስሚንቶ፣ ወለሉ ሸክላ ንጣፍ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ከደጅ ይልቅ ቤት ውስጥ ሲበርድ ታያላችሁ።

በከባድ ክረምት ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል። እንዲህ ባለው ክረምት ግን «ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ብዬ ማሞቂያ አልገዛም» ይላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ብርዱ ሲጠና እጁ ወደሚያውቀው ነገር ይሄዳል፤ ወደ ከሰል።

የራሴን ቤት ልንገራችሁ። እኛ የመጣነው በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲገባ እኔ አሥር ዓመት አልሞላኝም ነበር። የመጀመሪያው ክረምታችን፣ የ1991/92ቱ፣ እስከ ዛሬ የሚወራለት ነው። ኢየሩሳሌም ደጋግሞ በረዶ ጣለባት፤ ኪኔሬት ሞልቶ የደጋንያ ግድብ ተከፈተ። ያን ጊዜ የተቀመጥነው ሆቴል ውስጥ ነበር፤ ማሞቂያም ነበረው፤ ምንም አልሆንንም። አደጋው የመጣው ወደ ካራቫን ከተዛወርን በኋላ፣ ዝናብም ነፋስም በሌለበት፣ ኮከቡ በሚቆጠርበት ሌሊት ነው።

ማታ ቡና ተጠጥቶ እንግዶች ሄዱ። እናቴ ከሰል እንደሚያፍን የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ስለዚህም ሁልጊዜ ከሰሉን ደጅ አያይዛ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ነበር የምታስገባው። «ጭሱ ካለቀ ጉዳት የለውም» የሚለውን ከእናቷ ነው የሰማችው። ያን ሌሊት የቀረውን ፍም እንዳይባክን ብላ በማንደጃው እኛ የምንተኛበት ክፍል አስገባችው። መስኮቱን ዘጋች፤ በበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ጨርቅ ወተፈች። እንዲያ ሞቆን ተኝተን አናውቅም።

ሌሊት ታናሽ ወንድሜ ራሴን አመመኝ እያለ ማስመለስ ጀመረ። እናቴ የበላው ምግብ መሰላት። አባቴ ውሃ ሊያመጣለት ሲነሣ ጉልበቱ ከዳውና በሩ ላይ ወደቀ። በሩ ተበርግዶ ካራቫኑ ሁሉ ተናጋ። በጎናችን ካለው ካራቫን ጎረቤታችን ሰምቶ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አላወራችሁም። አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣን። እህቴ ስትጠራ አትሰማም ነበር። ሐኪም ቤት አፍና አፍንጫችን ላይ የኦክሲጅን ጭንብል አደረጉልን። ሁላችንም ዳንን፤ እናቴ ግን «ልጆቼን በእጄ ላጠፋቸው ነበር» እያለች ለዓመታት ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። ጥፋቷ ምን ነበር? የምታውቀውን ነው ያደረገችው። ቤቱ መለወጡን የነገራት ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ጋዙ አለ። ስንተነፍሰው ደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ደም ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የጎንደር ቤታችን ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ስለነበር በየስንጥቁ አየር ይገባና ይወጣ ነበር። ያ የምናማርረው ነፋስ ነው ያኖረን። እዚህ ግን የመስኮቱ ጠርዝ በጎማ ይገጠማል። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን የምታስተኙበት ማማድ ደግሞ እንዲታፈግ ተብሎ የተሠራ ክፍል ነው፤ በሩና መስኮቱ ከተዘጋ አየር አይገባበትም።

ስለዚህ ከሰል ቤት ውስጥ ለማሞቂያ አይገባም፤ ትንሽም ቢሆን፣ ቢቀላም፣ አመድ ቢለብስም። የሥጋ መጥበሻው ማንጋልም ያው ነው፤ ደጅ ጠብሰው ሲጨርሱ «ሙቀቱ እንዳይባክን» ብለው የሚያስገቡ አሉ። የጋዝ ምድጃ ለኩሶ ክፍል ማሞቅም አይገባም። ቤት ውስጥ እሳት ሳለ ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ምግብ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በሩን በርግዳችሁ ሁሉንም ይዛችሁ ውጡና 101 ደውሉ። ዕብራይስጡ ቢያጥራችሁ «ፔሐሚም ባባይት» በሉ፤ ከሰል ቤት ውስጥ ማለት ነው። ይገባቸዋል።

ታዲያ በምን እንሙቅ? ቤታችሁ መዝጋን ካለ በመጀመሪያ እሱን ሞክሩ፤ ለተመሳሳይ ሙቀት ከተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በጣም ያነሰ መብራት ይበላል። የፀሐይ ምልክቱ ላይ መሆኑን ግን እዩ። ባለፈው አንድ ቤተሰብ ቤት ሄጄ መዝጋኑ የበረዶ ምልክት ላይ ሆኖ፣ ሁሉም ጋቢ ለብሰው «ይኸ ዕቃ ተበላሽቷል» እያሉ አገኘኋቸው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከገዛችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት እንጂ በማከፋፈያ ገመድ አይሁን፤ ገመዱ ግሎ ይቃጠላል። እንጀራ እየጋገራችሁ ማሞቂያውን አብራችሁ ካበራችሁ ደግሞ መብራቱ ድርግም ሊል ይችላል። የጋቢና የነጠላ ጥለት ከማሞቂያ ይራቅ። የተጠበ ልብስ ማሞቂያ ላይ አይሰጣ።

ሽማግሌዎቻችን ከቢቱአሕ ሌኡሚ የእርጅና አበል ከገቢ ማሟያ ጋር የሚያገኙ ከሆነ፣ የማሞቂያ ድጎማ የሚባል ነገር አለ። ይገባቸው እንደሆነ ልጆቻቸው ይጠይቁላቸው።

ሕፃናትን በተመለከተ እናቶች ብርድ ፈርተን ብዙ እንደራርባለን። የሕፃን እጅ ስለቀዘቀዘ በርዶታል ማለት አይደለም፤ ማጅራቱን ዳስሱት፤ እሱ ከሞቀ በቂ ነው። አልጋው ውስጥ ፊቱ ላይ ሊወጣ የሚችል ብርድ ልብስ አይኑር።

አሁን ደግሞ ወደ ፀሐዩ እንመለስ። ይህን ክረምት ተጠቀሙበት። እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ለአሥር ደቂቃ ክፈቱ፤ የወጡና የልብሱ እንፋሎት ካልወጣ ግድግዳው ይሻግታል፣ የልጆቹም ደረት ይጎዳል። ፀሐይ ስትወጣ የጣሪያው ዱድ ውሃውን ያሞቀዋል፤ ማብሪያውን ከመጫናችሁ በፊት ቧንቧውን ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ገንዘብ ነው። አባቶችንና እናቶችን ቤት ውስጥ አታስቀምጧቸው፤ ደጁ ከቤቱ ይሞቃል። በየካቲት ሰሜን ኔጌቭ በካላኒት አበባ ይቀላል። በመስከረም ስለ አደይ አበባ የምታወሩላቸው ልጆች ወስዳችሁ አሳዩአቸው። መቅጠፍ ግን ክልክል ነው። እኔ ልጅ ሆኜ እቅፍ ሙሉ ቀጥፌ ለአስተማሪዬ ወስጄላት፣ እያመሰገነች ተቆጥታኛለች።

እናቴ ዛሬም ቡና ታፈላለች፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። «ጣዕሙ ጎድሏል» ትላለች፣ ግን ትጠጣለች። እዚህም ቡናው በኤሌክትሪክ ተፈልቶ ደርሷል። ለዕጣኑ የምትሆን አንዲት ፍም እናቶች በረንዳ ላይ አያይዘዋል። እስቲ በመስኮቱ አጠገብ ያለኸው ልጅ፣ ፍሙ ከመግባቱ በፊት ወለል አድርገህ ክፈትልን። ጥያቄ ያላችሁ ስኒው እስኪዞር ድረስ ጠይቁኝ።