ከሽፍታው በፊት



ስለ ቫይረስ ምርመራ ተናገር ስባል ስለ ላቦራቶሪ ማሽን የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን በአንዲት እናት ልጀምር።

ከተመረቅሁ በኋላ የሠራሁት ዋግ ኽምራ፣ ዝቋላ ወረዳ ነው። ወደ ተከዜ ሲወረድ ቆላ ስለሆነ፣ ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው። እናትየዋ የ3 ዓመት ልጇን አዝላ መጣች፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ። ጣቱን ወግተን የወባ ፈጣን ምርመራ አደረግን፤ ኔጌቲቭ። «ብርሃን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል» አለች፤ አስተርጓሚው ነገረኝ። አቧራ ነው ብዬ፣ ክትባቱንም ሳልጠይቅ፣ አሞክሳሲሊን ጽፌ ሸኘኋት።

በ3ኛው ቀን ተመለሱ። ሽፍታው ከጆሮው ጀርባና ከግንባሩ ተነስቶ ደረቱ ላይ ደርሷል። ኩፍኝ! ልጁ ቫይታሚን ኤ ተሰጥቶት፣ ክትትል ተደርጎለት ዳነ። የ7 ወር እህቱ ግን ከቀናት በኋላ ታመመች። በአገራችን መደበኛው የኩፍኝ ክትባት የሚጀመረው በ9 ወር ነው፤ አልደረሰችም። ልናተርፋት አልቻልንም።

በመጀመሪያው ቀን አፉን ከፍቼ ባይ ኖሮ፣ በጉንጩ ውስጥ ከመንጋጋው አንጻር ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ላገኝ እችል ነበር። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ ስለሚተላለፍ፣ ሕፃኗን አድናት ነበር ብዬ አልምልም። ቢያንስ ግን «ቤት ውስጥ ሌላ ሕፃን አለ ወይ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

ላቦራቶሪም ጥያቄን አይተካም። ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የኩፍኝ የደም ምርመራ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። በአዋቂም ቢሆን አልማዝ ባለጭራ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ይለያል፤ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግንም ያስታውሰናል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ያለ ደም ምርመራ አይለይም፤ የዓይን ቢጫነት ብቻውን የበሽታውን ዓይነት አይናገርም።

መምህራኖቻችን፣ አንድ አደራ አለኝ። ተማሪዎቻችሁ «ኔጌቲቭ» የሚለውን ቃል የምርመራ መጨረሻ አድርገው እንዳይወጡ። ያን ቀን ወረቀቱ ያለው «ወባ አልተገኘም» ብቻ ነበር። ቀሪውን እናትየዋ ነግራኝ ነበር።